ካህን ሳይኖራት ሰባት ትውልድ የኖረች ቤተ ክርስቲያን
ከናጋሳኪ ምእመናን ታሪክ የተወሰደ ትምህርት፤ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

አንድ የክርስቲያን ማኅበረሰብ ካህናቱን ሁሉ ቢያጣ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ቢፈርሱ፣ መጻሕፍቱ ቢቃጠሉ፣ የክርስቶስን ስም በይፋ መጥራትም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ቢሆን፣ እምነቱ ስንት ዓመት ሊቆይ ይችላል? አንድ ትውልድ ይቆያል ብንል ማንም አይቃወመንም፤ ሁለት ብንል ግን ብዙዎች ይጠራጠራሉ። በሩቅ ምሥራቅ፣ በጃፓን አገር፣ በናጋሳኪ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮችና ደሴቶች የኖሩ ካቶሊካውያን ግን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ሰባት ትውልድ፣ ያለ ካህን፣ ያለ ቅዳሴና ያለ ቅዱስ ቁርባን ቆይተው እምነታቸውን ለልጅ ልጆቻቸው አስረክበዋል።

ይህን ታሪክ የምናጠናው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። እርግጥ የአገራችን ሁኔታ ከጃፓን ይለያል። አብዛኛው ጎረቤታችን በአንድ አምላክ የሚያምን ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ደወሏን በነጻነት ትደውላለች። ይሁን እንጂ በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር። ካህን ከብዙ ሳምንታት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስባቸው፣ በዙሪያቸው ያለው ሕዝብም ክርስቲያን ያልሆነ የገጠር ጸሎት ቤቶች አሉን። ከዚህም በላይ ብዙ ልጆቻችን ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ወይም መሄድ በማይፈቀድላቸው ቤት ይኖራሉ። ስለዚህ የናጋሳኪ ምእመናን ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ ካህን በማይገኝበት ስፍራ እምነትን ጠብቆ የሚያቆየው ምንድን ነው?

በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ለምን ሊቆይ እንደ ቻለና የት ላይ እንደ ደከመ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ለቁምስናዎቻችን የሚሆነውን ትምህርት እናወጣለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ዘሩ የተዘራበት ዘመን

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዛቪየር ከሁለት የኢየሱሳውያን ማኅበር ወንድሞቹና አንጂሮ ከተባለ፣ በህንድ አገር በጎዋ ከተጠመቀ ጃፓናዊ ጋር በመሆን ኦገስት 15 ቀን 1549፣ በፍልሰታ ለማርያም በዓል፣ ካጎሺማ ወደብ ደረሰ። በአገሪቱ የቆየው ከሁለት ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን ግን ሥራውን አስፋፉት፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የክርስቲያኖቹ ቁጥር ወደ 300,000 ይደርስ እንደ ነበር ይገመታል።

የካህናቱ ቁጥር ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አይበቃም ነበር። ስለሆነም ሚሲዮናውያኑ ምእመናኑን በየመንደሩ በማኅበር አደራጁ። በናጋሳኪ ከ1583 ጀምሮ የምሕረት ማኅበር ተመሥርቶ ድኾችንና ሕሙማንን ይረዳ፣ ሙታንን ይቀብር ነበር። በሌሎችም ስፍራዎች በእመቤታችንና በመቁጠሪያ ስም የተሰየሙ ማኅበራት ነበሩ። አባላቱ በካህኑ መምጣት ላይ ብቻ ሳይንጠለጠሉ አብረው ይጸልዩ፣ ልጆችን ያስተምሩ፣ የታመመውን ይጠይቁ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን፤ የኋላው ታሪክ የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ነውና። ቤቱ የተሠራው ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ነበር።

እውነትን ላለመሸፈን ደግሞ ሌላውን ገጽ መጥቀስ ይገባል። ከአገሩ መሳፍንት አንዳንዶቹ የተጠመቁት ከፖርቱጋል ነጋዴዎች ጋር ባላቸው ጥቅም ጭምር ነበር። የኦሙራ ገዥ የነበረው ሱሚታዳ በ1574 በግዛቱ ያሉ የቡድሃና የሺንቶ አብያተ አማልክት እንዲፈርሱ፣ ሕዝቡም በጅምላ እንዲጠመቅ አደረገ፤ በ1580ም የናጋሳኪን ወደብ ለኢየሱሳውያን ማኅበር ሰጠ። በመሆኑም አገሪቱን አንድ ለማድረግ ይታገሉ የነበሩት ኃያላን ክርስትናን የባዕድ መንግሥት መንገድ ጠራጊ አድርገው ማየት ጀመሩ። ስደቱን ይህ ፍጹም ትክክል አያደርገውም፤ ነገር ግን እምነት በገዥ ትእዛዝ ሲስፋፋ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚያፈራ ያስተምረናል። እኛም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የሆነውን የምናውቅ ሰዎች ነን።

2. የስደቱ ዘመን

በ1587 ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሚሲዮናውያን ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። ትእዛዙ ለጊዜው ጠብቆ አልተፈጸመም ነበር፤ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1597 ግን ሃያ ስድስት ክርስቲያኖች በናጋሳኪ ኒሺዛካ ኮረብታ ላይ ተሰቀሉ። ከእነርሱም ስድስቱ የፍራንቸስካውያን፣ ሦስቱ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ሲሆኑ የቀሩት አሥራ ሰባቱ ምእመናን ነበሩ። በመካከላቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይገኝ ነበር። ከኢየሱሳውያኑ አንዱ የሆነው ጃፓናዊው ቅዱስ ጳውሎስ ሚኪ በመስቀሉ ላይ ሆኖ ሕዝቡን አስተማረ፤ የሞት ፍርድ የፈረደበትንም ገዥ ይቅር እንዳለ ተናገረ።

በ1614 የቶኩጋዋ መንግሥት ክርስትናን በመላው አገሪቱ ከለከለ። ሚሲዮናውያንና ታዋቂ ምእመናን ወደ ማካዎና ወደ ማኒላ ተባረሩ። ጥቂት ካህናት ተደብቀው ቀሩ፤ እነርሱም አንድ በአንድ እየተያዙ ተገደሉ። በሴፕቴምበር 1622 በአንድ ቀን በናጋሳኪ ሃምሳ አምስት ክርስቲያኖች በእሳትና በሰይፍ ሞቱ። በ1637 እና በ1638 ከባድ ግብርና ረሃብ ያስመረራቸው የሺማባራና የአማኩሳ ገበሬዎች፣ ብዙዎቹም ክርስቲያኖች፣ ባመፁ ጊዜ መንግሥት ዐመፁን በብዙ ሺህ ሕዝብ ደም አጠፋው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ እጅግ ጠበቀ። በ1644 በስውር ያገለግል የነበረው የመጨረሻው ካህን ማንሲዮ ኮኒሺ በሰማዕትነት ሞተ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ያለ እረኛ ቀረ።

መንግሥት የዘረጋው መረብ ጥብቅ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ የቡድሃ ቤተ አምልኮ እንዲመዘገብ፣ ሙታኑንም በዚያ ሥርዓት እንዲቀብር ተገደደ። አምስት አምስት ቤተሰቦች በአንድነት ተቧድነው አንዱ ለሌላው ተጠያቂ ተደረጉ። ካህን ወይም ክርስቲያን ለሚጠቁም ሰው የሚሰጠው የብር ሽልማት በየአደባባዩ በሰሌዳ ተጽፎ ቆመ። በናጋሳኪና በአካባቢውም ሰው ሁሉ በየዓመቱ የጌታችንን ወይም የእመቤታችንን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይታዘዝ ነበር፤ ይህም ፉሚኤ ይባላል። ያልረገጠ ክርስቲያን መሆኑ ይታወቅበታል፤ ይታሰራል፣ ይሠቃያል፣ ይሞታልም።

3. ያለ ካህን የቆመው ቤት

በእንዲህ ያለ ሁኔታ እምነት እንዴት ሊቆይ ቻለ? መልሱ ቀላል፣ ነገር ግን ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እጅግ ጠቃሚ ነው። ቀድሞ በማኅበር የተደራጁት ምእመናን አገልግሎቱን ተከፋፈሉት። በኡራካሚ መንደር ሦስት ዓይነት አገልጋዮች ነበሩ። የመጀመሪያው ቾካታ የሚባለው የመዝገብ ጠባቂ ሲሆን የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን መቁጠሪያ ይይዛል፣ ጸሎትንም ይመራል። ሁለተኛው ሚዙካታ፣ ማለትም የውኃ ሰው፣ ሕፃናትን ያጠምቃል። ሦስተኛው ኪኪያኩ የሚባለው መልእክተኛ ደግሞ በየቤቱ እየዞረ የትኛው ቀን በዓል፣ የትኛው ቀን ጾም እንደ ሆነ ይነግራል። እነዚህ ሰዎች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ማዕርግም ደመወዝም አልነበራቸውም፤ ቢያዙ የሚጠብቃቸው ወህኒ ወይም ሞት ነበር።

ከያዙት ነገር አራቱን ለይተን እንመልከት።

ሀ) ጥምቀት። ከምሥጢራት ሁሉ ያለ ካህን ሊፈጸም የሚችለውን ጥምቀትን አጥብቀው ያዙ። አጥማቂው ከእርሱ በፊት ከነበረው አጥማቂ ቃሉን በቃል ተምሮ፣ ውኃ እያፈሰሰ በሥላሴ ስም ያጠምቅ ነበር። በዚህም እያንዳንዱ ትውልድ በቤተ ክርስቲያን አካል ውስጥ ተወለደ።

ለ) ፍጹም ጸጸት። ሚሲዮናውያኑ በ1603 ገደማ ስለ ፍጹም ጸጸት የሚያስተምር አነስተኛ መጽሐፍ በጃፓን ቋንቋ አሳትመው ነበር። ሕዝቡ ኮንቺሪሳን ይለዋል። ተናዛዡ ካህን በማያገኝበት ጊዜ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ብሎ ከልቡ ቢጸጸት፣ ካህን ባገኘ ጊዜም ለመናዘዝ ቁርጥ ሐሳብ ቢያደርግ የኃጢአት ስርየት እንደሚያገኝ ያስተምራል። ምእመናኑ መጽሐፉን በእጅ እየገለበጡ ከአባት ወደ ልጅ አስተላለፉት።

ሐ) የቀን መቁጠሪያ። ባስቲያን የተባለ ጃፓናዊ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት አቆጣጠር እንዳስተማራቸው በትውፊት ይነገራል። ይኸው ሰው ከመሞቱ በፊት ሰባት ትውልድ ካለፈ በኋላ ኑዛዜ የሚሰሙ አባቶች በታላላቅ ጥቁር መርከቦች እንደሚመጡ፣ ያን ጊዜም በየመንገዱ በግልጽ መዘመር እንደሚቻል መናገሩን ልጆች ከወላጆቻቸው ይሰሙ ነበር። የቀን መቁጠሪያው ያለፈውን ያስታውሳቸዋል፤ ተስፋውም ወደሚመጣው ዘመን እንዲመለከቱ ያደርጋቸዋል።

መ) የእመቤታችን ፍቅር። የእመቤታችንን ሥዕል በቤት ማስቀመጥ ስለማይቻል ካኖን የምትባለውን፣ በቡድሃ ሃይማኖት የምሕረት ምልክት የሆነችውን የነጭ ሸክላ ምስል አስቀምጠው በፊቷ ሆነው ወደ ድንግል ማርያም ይጸልዩ ነበር። ዛሬ እነዚህ ምስሎች «ማሪያ ካኖን» ይባላሉ።

በየቤቱ ሰው ሲሞት የቡድሃ መነኩሴ መጥቶ ሥርዓቱን ማድረሱ ግዴታ ነበር። በአንዳንድ መንደሮች በዚያው ሰዓት ሌሎች ምእመናን በጎን ክፍል ተቀምጠው የክርስቲያን ጸሎት ያደርሱ ነበር። በአደባባይ ዝም ያለው አፍ በጓዳ ይጸልይ ነበር ማለት ነው።

4. አስቸጋሪው ጥያቄ፦ ምስሉን ስለ ረገጡት

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ የጌታን ምስል እየረገጡ ቤታቸው ገብተው ይጸልዩ ከነበረ፣ ይህ እምነት ነው ወይስ ክህደት?

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። እምነትን በሰው ፊት መካድ፣ በልብ ሌላ ነገር እየታሰበም ቢሆን፣ ከባድ በደል ነው። ከፍርሃት የተነሣ መፈጸሙ የሰውየውን ተጠያቂነት ሊቀንስ ይችላል እንጂ ድርጊቱን በጎ አያደርገውም። ቤተ ክርስቲያን የቅድስና አክሊል የሰጠችው ላልረገጡት ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 9ኛ በ1862 የኒሺዛካን ሃያ ስድስት ሰማዕታት ቅዱሳን ብለው አወጁ፤ በኖቬምበር 2008ም በናጋሳኪ 188 ሰማዕታት ብፁዓን ተባሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ምእመናን፣ ብዙዎቹም እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

የረገጡት ምእመናን ራሳቸውም ድርጊታቸውን ንጹሕ ነው አላሉም። ቤታቸው ተመልሰው የጸጸትን ጸሎት ይደግሙ ነበር። ራሱን ያጸደቀ ሰው ጸጸትን አይሻም። ሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ነበር፤ ጌታም በዚያ ልቅሶ ላይ መንጋውን አደራ ሰጠው (ሉቃ. 22፡54-62፤ ዮሐ. 21፡15-17)። እሳቱ በሌለበት ተቀምጠን በእሳቱ ውስጥ በነበሩት ላይ መፍረድ አይገባንም። ይሁንና ድካማቸውን እንደ ሕግ አድርገን ማስተማርም አይገባንም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። የሰማዕታቱ ደም እምነቱ ዋጋ እንዳለው መሰከረ፤ የደካሞቹ ጸጸትም ያንን ምስክርነት ለልጆች አደረሰ። በሚቀጥሉት ክፍሎች እንደምንመለከተው፣ ምስሉን የረገጡት ሰዎች የልጅ ልጆች በአደባባይ የሚመሰክሩበት ቀን መጣ።

5. ማርች 17 ቀን 1865

ጃፓን ደጆቿን ለውጭ አገር ሰዎች በከፈተች ጊዜ የፓሪስ የውጭ ሚሲዮን ማኅበር ካህናት ናጋሳኪ ውስጥ በኦኡራ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። የተሠራው ለውጭ አገር ነዋሪዎች ሲሆን የተሰየመው በሃያ ስድስቱ ሰማዕታት ስም ነበር። ለጃፓናውያን ክርስትና ገና የተከለከለ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ከተባረከ አንድ ወር ያህል እንዳለፈ፣ ማርች 17 ቀን 1865፣ ከኡራካሚ መንደር የመጡ ጥቂት ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በተዘጋው በር ፊት ቆመው ነበር። አባ በርናርድ ፐቲዣን በሩን ከፍተው አስገቧቸውና ራሳቸው በመንበረ ታቦቱ ፊት ተንበርክከው ጸለዩ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ቀርባ የሁሉም ልብ ከእርሳቸው ልብ ጋር አንድ እንደ ሆነ በዝግታ ነገረቻቸው፤ ቀጥላም የቅድስት ማርያም ምስል የት እንዳለ ጠየቀች። ሕፃኑን የታቀፈችውን እመቤታችንን ባዩ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። የልደትን በዓል በጊዜው እንደሚያከብሩ፣ አሁንም በጾም ላይ እንደ ሆኑ ነገሯቸው። በእርግጥም ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ከዓለም ቤተ ክርስቲያን የተለዩት ገበሬዎች ጾሙን የያዙት ከእርሷ ጋር አብረው ነበር!

ከዚያ በኋላ ከሌሎች መንደሮችና ደሴቶችም ብዙዎች በስውር ይመጡ ጀመር። ካህናቱ የአባቶቻቸው ካህናት ወራሾች መሆናቸውን የሚያረጋግጡበት ሦስት ምልክት ነበራቸው፦ ለሮማ ር.ሊ.ጳ. መታዘዝ፣ እመቤታችንን ማክበርና የካህናት ድንግልና። ካህናቱ ደግሞ በበኩላቸው እያንዳንዱ አጥማቂ ሲያጠምቅ የሚናገረውን ቃል በጥንቃቄ መረመሩ። ቃሉ በረጅሙ ዘመን ተበላሽቶ አጠራጣሪ በሆነበት ስፍራ ጥምቀቱን በቅድመ ሁኔታ ደገሙት። ይህም ቃሉን በትክክል ማስተማር ምን ያህል ከባድ አደራ እንደ ሆነ ያሳየናል።

6. ግዞቱና መመለሱ

ካህን ማግኘታቸው ለኡራካሚ ምእመናን አዲስ ድፍረት ሰጣቸው። በ1867 ሙታናቸውን በቡድሃ ሥርዓት ለመቅበር እንቢ አሉ፤ ክርስቲያኖች መሆናቸውንም ለመንደሩ ሹም በግልጽ አስታወቁ። አባቶቻቸው በየዓመቱ ይረግጡ ነበር፤ እነርሱ ግን አንድም ሥርዓት በማስመሰል አንፈጽምም አሉ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር እስራት ተጀመረ። አዲሱ የሜይጂ መንግሥትም ክልከላውን አጸና፤ ከ1868 ጀምሮ ከ3,300 የሚበልጡ የኡራካሚ ምእመናን፣ መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ግዛቶች ተበትነው ተጋዙ። በረሃብ፣ በብርድና በድብደባ ከ600 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። የተረፉት ያንን ዘመን «ጉዞ» ብለው ይጠሩታል።

የጃፓን መልእክተኞች በአሜሪካና በአውሮፓ በዞሩበት ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ብርቱ ወቀሳ ደረሰባቸው። በ1873 ክርስትናን የሚከለክሉት ሰሌዳዎች ከየአደባባዩ ተነሡ፤ ግዞተኞቹም ወደ ፈረሰው መንደራቸው ተመለሱ። በኋላም አያቶቻቸው ምስሉን እንዲረግጡ ይገደዱበት የነበረውን የመንደሩን ሹም ግቢ ገዝተው በዚያ ስፍራ ላይ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠሩ። ታላቁ የኡራካሚ ቤተ ክርስቲያን በ1914 ተባርኮ ተከፈተ። ኦገስት 9 ቀን 1945 የአቶም ቦምብ በዚሁ መንደር ሰማይ ላይ ሲፈነዳ ሕንጻው ፈረሰ፤ ከቁምስናው 12,000 ያህል ምእመናን ወደ 8,500 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ይነገራል። በዚያች ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካህናት ኑዛዜ ይሰሙ ነበር። ሕንጻው በ1959 እንደገና ተሠርቶ ዛሬም ቆሟል።

7. ያልተመለሱት

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር፤ ግን ሌላ ክፍል አለው። ነጻነት ከታወጀ በኋላ ብዙ ሺህ የተሰወሩ ክርስቲያኖች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሌሎች ብዙዎች ግን በኢኪትሱኪ ደሴትና በሌሎችም ስፍራዎች በአባቶቻቸው ልማድ ጸንተው ቀሩ። ኦራሾ የሚባለውን ጸሎታቸውን፣ ስሙም «ጸሎት» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣውን፣ በቃላቸው ይደግሙታል፤ ነገር ግን ከፖርቱጋልና ከላቲን ቋንቋ የመጡት ቃላት ትርጉም ጠፍቶባቸዋል። በአንዳንዶች ዘንድ የፍጥረትና የጌታችን ታሪክ ከአገሩ ተረት ጋር ተቀላቅሎ ተጽፎ ተገኝቷል። ለብዙዎቹ ዋናው ነገር አባቶች ያደረጉትን ማድረግ ሆነ። ዛሬ የእነዚህ ማኅበረሰቦች ቁጥር እጅግ ተመናምኗል።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የነቀፋ ቃል ልንናገር አይገባም፤ አደራቸውን በሚችሉት ሁሉ ጠብቀዋልና። ለእኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ቃል ያለ ትርጉም፣ ሥርዓትም ያለ ትምህርት ለብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ነጻነት ሲመጣ ወዴት መሄድ እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። ሰባት ትውልድ ስደት ያልገታውን እምነት የትምህርት መጥፋት ሊገታው ቻለ።

8. ለቁምስናዎቻችን የሚሆን ትምህርት

አንደኛ፦ እያንዳንዱ አዋቂ ምእመን ማጥመቅን ይወቅ። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ለሞት በተቃረበ ጊዜ ካህን ካልተገኘ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ በማሰብ በራሱ ላይ ውኃ እያፈሰሰ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ማንም ሊያጠምቀው ይችላል። ይህ ለአስገዳጅ ሁኔታ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ከተፈጸመም በኋላ ለቁምስናው ካህን መነገርና መመዝገብ አለበት። መምህራን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ይህን በተግባር ያሳዩ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ጃንዋሪ 15 ቀን 2014 ስለ ጥምቀት ባስተማሩ ጊዜ ምሳሌ አድርገው ያቀረቡት እነዚህኑ የጃፓን ምእመናን ነበር።

ሁለተኛ፦ ጸሎተ ጸጸትን በቃል ማስያዝ ብቻ ሳይሆን ትርጉሙን እናስተምር። ፍጹም ጸጸት ኑዛዜን የሚተካ አቋራጭ አይደለም፤ በተቻለ ፍጥነት ለመናዘዝ ቁርጥ ሐሳብ ይዞ ይኖራል። ካህን ለረጅም ጊዜ የማያገኝ ምእመን ግን ከእግዚአብሔር ምሕረት ተቆርጬአለሁ ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይህን ማወቅ አለበት።

ሦስተኛ፦ ለጉዞ የሚነሡትን እናዘጋጅ። በባሕረ ሰላጤው ካሉ አገሮች በባሕሬን፣ በኩዌት፣ በካታር፣ በኦማንና በተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ግን የለም። አብያተ ክርስቲያናት ባሉበትም ስፍራ ከአሠሪዋ ቤት ለመውጣት የማይፈቀድላት እኅት ብዙ ናት። በሻንጣዋ የያዘችው መጽሐፍ ሊወሰድባት ይችላል፤ በልቧ የያዘችውን ግን ማንም አይወስድባትም። ስለዚህ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ ምሥጢራተ መቁጠሪያን፣ ጸሎተ ጸጸትንና የዓመቱን ታላላቅ በዓላት ትርጉማቸውን ተረድታ በቃሏ ይዛ ትሂድ። ከመሄዷም በፊት ትናዘዝ፣ ትቁረብ፣ ቁምስናዋም በጸሎት ይሸኛት።

አራተኛ፦ የካቴኪስቱን አገልግሎት እናክብር። የኡራካሚ ቤተ ክርስቲያን የተረፈችው በአጥማቂዎቿና በመምህራኗ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሐዋርያዊ ተልእኮ ባወጣው ድንጋጌ የካቴኪስቶችን ሥራ አመስግኗል፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በሜይ 10 ቀን 2021 የካቴኪስትን አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ቋሚ አገልግሎት መሥርተዋል። ለካቴኪስቱ ሥልጠና፣ መጽሐፍና ለመንገዱ የሚያስፈልገው ወጪ የቁምስናው ሁሉ ኃላፊነት ነው።

አምስተኛ፦ ከጎረቤት ጋር በፍቅር እንኑር። ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ማኅበረሰብ ሁለት ፈተና አለበት፤ አንዱ በራሱ ላይ በሩን ዘግቶ መኖር፣ ሌላው ከብዙኃኑ ጋር እስኪጠፋ መቀላቀል ነው። ከግዞት የተመለሱት የኡራካሚ ሰዎች ሦስተኛ መንገድ አሳዩ። በ1874 በአካባቢው የተቅማጥ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከግዞት የተመለሰችው ኢዋናጋ ማኪና ጓደኞቿ ከአባ ማርክ ደ ሮ ጋር ሆነው ሕሙማንን አስታመሙ፤ ወላጅ ያጡትንም ሕፃናት ሰብስበው አሳደጉ። ትናንት ያሳደዳቸውን ኅብረተሰብ ዛሬ አገለገሉት። የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች ባወጣው መግለጫ በእነርሱ ዘንድ ያለውን እውነትና ቅድስና እንድናከብር፣ ክርስቶስን ከመመስከርም እንዳንቦዝን ያስተምረናል። የሱሚታዳን መንገድ ሳይሆን የኢዋናጋ ማኪን መንገድ እንምረጥ።

ማጠቃለያ

በጃፓን ዛሬም ካቶሊካውያን ጥቂቶች ናቸው፤ ጃፓናውያኑ ምእመናን ከሕዝቡ ከመቶ ግማሽ እጅ አይሞሉም። በ2018 የናጋሳኪ የተሰወሩ ክርስቲያኖች መንደሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ። ለእኛ ግን ቅርሱ ከሕንጻና ከመንደር ይበልጣል። ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ በተሸሸገ እርሾ መስሏታል (ማቴ. 13፡33)። እርሾ ትንሽ መሆኑ አያሳፍረውም፤ የሚያሳስበው ኃይሉን እንዳያጣ ነው። እኛም የምንጠየቀው ስንት እንደ ሆንን ሳይሆን የተቀበልነውን አደራ በትክክል ለልጆቻችን ማስረከባችንን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ወይም በጸሎት ቤታችን ካህን ለአንድ ዓመት ባይመጣ የትኛው አገልግሎት ይቀጥላል? የትኛውስ ይቋረጣል? ለምን?
2. ልጆቻችን በቃላቸው ከሚደግሟቸው ጸሎቶች ውስጥ ትርጉሙን የማያውቁት የትኛውን ነው?
3. ምስሉን ስለ ረገጡት ምእመናን በክፍል 4 የተሰጠውን ትምህርት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ። ቅዱስ ጴጥሮስን ምሳሌ አድርጉ።
4. ከመንደራችን ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄዱትን እንዴት እያዘጋጀን እንሸኛቸዋለን? ምን ይጎድላል?
5. ክርስቲያን ላልሆኑ ወይም ካቶሊክ ላልሆኑ ጎረቤቶቻችን በዚህ ዓመት በኅብረት ልናደርገው የምንችለው አንድ የፍቅር ሥራ ምንድን ነው?